ድጅኖ፣ ፊሽካና የእናቴ ጋቢ

ረቡዕ፣ ሴንት ፖል

ጋሼ የደወሉልኝ ምሳ ላይ ሳለሁ ነው። «ቅዳሜ ሚል ላክስ ሐይቅ ነን። ለነፍስህ የሚሆን ዕቃ ግዛ» አሉኝ። ምን ምን ልግዛ ብዬ ሳልጨርስ ስልኩ ተዘጋ። ጋሼ እንደዚህ ናቸው፤ ስልክ ላይ ወሬ አይወዱም። ሚኒሶታ ከገቡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ሰው ሁሉ ክረምቱን ቤቱ ተሸጉጦ ሲያማርር እሳቸው በረዶ በስተው ዓሣ ያጠምዳሉ። እኔ ይሄ ሦስተኛ ክረምቴ ነው። ሁለቱን ሰበብ እየፈጠርኩ አመለጥኩ። ዘንድሮ ሰበቡ አለቀብኝ።

ውሃ እፈራለሁ ማለቴ አይደለም። ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ታንኳ ሲጠጋ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሲራገፍ እያየሁ ነው ልጅነቴ ያለፈው። ጣና ግን ውሃ መሆኑን አይደብቅም። ይሄኛው በረዶ ለብሶ፣ ሜዳ መስሎ ነው የሚጠብቅህ።

አማርኛችንም እዚህ ትንሽ ይቸገራል። ከሰማይ የሚወርደውም በረዶ፣ ሐይቁ ላይ የሚጋገረውም በረዶ። ስለዚህ እንደ ሰፈራችን ሰው የሚወርደውን ስኖው፣ የሚጋገረውን በረዶ እላለሁ።

ከሥራ ወጥቼ ቀጥታ ወደ አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ሄድኩ። የበረዶ ዓሣ ማጥመጃው ክፍል ብቻ የሰፈሬን ግሮሰሪ ያክላል። ድንኳኑ፣ ማሞቂያው፣ መሰርሰሪያው፣ ዓሣ የሚያሳየው ስክሪን። ዓይኔ ፈዘዘ። እንደማያውቅ ሰው መጀመሪያ ያነሳሁት የሚሞቀውን ነው። ውስጡ ሱፍ የሆነ ቦት ጫማ፣ 180 ዶላር። ወፍራም ጓንት፣ 45 ዶላር። ካልሲ፣ የፊት መሸፈኛ፣ ኮፍያ።

ልከፍል ስሰለፍ ካሸሯ አጠገብ አይስ ፒክ ተሰቅሎ አየሁ። ለማያውቀው ሰው፦ ጭብጥ የሚሞሉ ሁለት እጀታዎች ናቸው። ጫፋቸው ላይ እንደ ሚስማር የሾለ ብረት አለ። በገመድ ተያይዘው አንገት ላይ ይንጠለጠላሉ። በረዶው ተሰብሮ ውሃ ውስጥ ከወደቅክ ሁለቱን በሁለት እጅህ ይዘህ፣ በረዶው ላይ እየተከልክ ራስህን ትጎትታለህ። ባዶ እጅ እርጥብ በረዶ ላይ ምንም አይጨብጥም።

ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ብረቱ ላይ የፕላስቲክ ክዳን ይሰካበታል፣ 8 ዶላር። ሌላኛው ብረቱን የሚሸፍን ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ስፕሪንግ ላይ ስለሆነ በረዶ ላይ ስትጫነው ራሱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ 14 ዶላር። ባለ 8ቱን አነሳሁ። ጫማ ላይ 180 ዶላር ያፈሰሰ ሰው እዚህ ላይ 6 ዶላር ቆጠበ። ቅዳሜ እንመለስበታለን።

ሐሙስ፣ እዚያው

ማታ ጋሼ ቤት መጡ። ባለቤቴ ቡና አፈላች። እኔ የገዛሁትን ሁሉ ምንጣፉ ላይ እንደ ሙሽራ ጥሎሽ ደረደርኩት። ጋሼ መነጽራቸውን አወጡና አንድ በአንድ አዩት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ይሄ ሁሉ ከውርጭ ያድንሃል። ከውሃው የሚያድንህ የታለ?»

አይስ ፒኩን አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩት፤ ክዳኑን ነካ ነካ አደረጉት፤ ምንም አላሉም። ዝምታቸውን እንደ ማለፊያ ቆጠርኩት።

ከዚያ አንድ-አሥር-አንድ የሚባለውን ነገሩኝ። ጎርደን ጊስብረክት የሚባል የካናዳው ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ ራሱ በረዶ ውሃ ውስጥ እየገባ ያስተማረው ነው። ውሃው ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ የሚመጣብህ ብርድ ሳይሆን ትንፋሽ ነው። ሳትፈልግ በኃይል ትስባለህ፤ ደረትህ እንደ ወናፍ ይከፈታል ይዘጋል። ያን ጊዜ ጭንቅላትህ ውሃ ውስጥ ከሆነ የምትስበው ውሃውን ነው። ይሄ አንድ ደቂቃ ያህል ይቆያል። አንድ ደቂቃዋን ትንፋሽህን አረጋጋ፤ ሌላ ሥራ የለህም። ቀጥሎ አሥር ደቂቃ ያህል እጅና እግርህ ይታዘዙሃል። የምትወጣው ያኔ ነው። ከዚያ ጣት አይታጠፍም። ራስህን እስክትስት ግን አንድ ሰዓት ገደማ አለህ።

«ሰው በብርዱ ወዲያው የሚሞት ይመስለዋል» አሉ ጋሼ ፍንጃላቸውን እያስቀመጡ። «ስለዚህ ይደነግጣል። የሚገድለው ድንጋጤው ነው። አሁን የምትገዛውን ሁሉ በዚህ መዝነው፤ ለመጀመሪያዋ ደቂቃ ይሆናል? ለአሥሩስ?»

በዚህ ሚዛን ሲታይ 180 ዶላር ጫማዬ የትም አልነበረችም።

ለመጀመሪያዋ ደቂቃ የሚሆነው የሚያንሳፍፍ ነገር ነው። ዋናተኛ መሆን እዚህ ጋ ብዙም አይረዳም፤ ትንፋሽ የሌለው ሰው አይዋኝም። ውስጡ ፎም ያለው፣ ብርድም የሚከላከል፣ ውሃ ላይም የሚያንሳፍፍ ቱታ ይሸጣል። ጋሼ አላቸው። ዋጋው ግን የወር ግሮሰሪ ይሆናል። «ለጊዜው ላይፍ ጃኬት ከኮትህ በላይ ልበስ። ፎሙን እንጂ በጋዝ የሚነፋውን አትግዛ፤ በብርድ ጋዙ ይንቀራፈፋል።» አንድ ነገር ጨመሩ፦ በረዶ ላይ መኪና ውስጥ ስትሆን ላይፍ ጃኬት አይለበስም። መኪናው ከሰመጠ ጣሪያው ላይ ያጣብቅሃል፤ በመስኮት ልውጣ ብትል አይለቅህም።

ፊሽካዬንም ጣሉት። የብረት ነበር። ብረት በዚህ ብርድ ከንፈር ላይ ይጣበቃል። በዚያ ላይ ውስጧ ፍሬ ነበራት፤ ምራቅ ሲነካት ትቀዘቅዝና ድምጽ እምቢ ትላለች። ፕላስቲክና ፍሬ የሌለው መሆን አለበት። የአንድ ዶላር ዕቃ እንዲህ ይጠናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

በመጨረሻ ጋቢዬን አዩ። እናቴ ከባሕር ዳር የላከችው፣ አራት ድርብ። ከዕቃው መሐል አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ።

«ይሄስ?»

«ለብርዱ ነዋ፣ ጋሼ።»

ሳቁ። «ጋቢ ጥጥ ነው። ጥጥ ውሃ ከጠጣ ይከብዳል፤ ሙቀት የሚባል አይተውልህም። ሱፍ ቢረጥብም ትንሽ ያሞቃል። ውስጥ ልብስህም ጥጥ እንዳይሆን።» ባለቤቴ ከማድ ቤት፣ «አይዞህ፣ ድንኳን ውስጥ ትለብሰዋለህ» አለች። ምነው ባላለች።

ዓርብ፣ መንገድ

ከሥራ በኋላ ወጣን። በ169 መንገድ ወደ ሰሜን፣ ከሚኒያፖሊስ 100 ማይል ያህል ነው። ጾም ስለሆነ ሽሮ ፍርፍር በፔርሙዝ ይዘናል። ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለው የድሮ ክርክር ከኤልክ ሪቨር እስከ ሚላካ ወሰደን። ጋሼ አይበላም ባይ ናቸው። «ቅዳሜ የምናጠምደው ለዚህ ነው» ብለው ዘጉት።

ኦናሚያን አልፈን ሐይቁ ጋ ስንደርስ ጨልሟል። ፈረንሳዮቹ ሺህ ሐይቆች ብለውት ነው ሚል ላክስ የተባለው። የአገሬው ሕዝብ፣ ኦጂብዌዎቹ፣ ትልቁ ሐይቅ ይሉታል። የእነሱ ስም ይሻላል። ጣና ስድስት እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል፤ ጥልቀታቸው ግን ይቀራረባል፤ ይሄኛው በጣም የጠለቀበት ቦታ 13 ሜትር አካባቢ ነው። በጨለማው ውስጥ ሐይቁ ላይ መብራት ተደርድሯል። ከተማ መሰለኝ። ዓሣ አጥማጆች የሚያድሩባቸው ቤቶች ናቸው። ሰው ቤቱን በመኪና ጎትቶ ውሃ ላይ ይተኛል።

ጋሪሰን ከመግባታችን በፊት አንድ የማጥመጃ ምግብ የሚሸጥ ሱቅ ቆምን። ጋሼ ትሉንና ትንንሽ ዓሣውን ለመግዛት አይደለም የቆሙት፤ ለመጠየቅ ነው። ውፍረቱ ስንት ደረሰ? ስንጥቁ የት ነው? ነፋሱ በየት በኩል መጣ? ሻጩ ካርታ አውጥቶ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረ። ሐሙስ ሌሊት አዲስ ስንጥቅ ተከፍቷል፤ በዚያ በኩል አትሂዱ አለ።

መኪና ውስጥ ስንገባ የሬድ ሌክን ነገር አነሱልኝ። በ2023 ዲሴምበር መጨረሻ፣ ከዚህ ወደ ሰሜን ባለው አፐር ሬድ ሌክ ላይ በረዶው ከዳር ተገምሶ ከ100 በላይ ሰው ይዞ ተንሳፈፈ። ሁሉም ተርፈዋል። ያ ክረምት ሞቃት ነበር። «እግራቸው ሥር ያለው አልተሰበረም እኮ» አሉ። «የተለያየው ከዳሩ ነው። ውፍረት ብቻ የሚጠይቅ ሰው ግማሹን ነው የጠየቀው።»

ቅዳሜ፣ በረዶው ላይ

ጠዋት ከዜሮ በታች 19። የአፍንጫዬ ውስጥ ፀጉር ሲቀዘቅዝ ተሰማኝ። ብዙው ሰው መኪናውን ይዞ ይገባል፤ ሪዞርቶቹ ስኖውን ጠርገው መንገድ ያወጣሉ፣ ለዚያም ያስከፍላሉ። ጋሼ ግን መኪናቸውን ዳር አቆሙ። «ገና ዕዳዋን ከፍዬ አልጨረስኩም» አሉ። ዕቃውን ስሌድ በሚባለው በረዶ ላይ የሚጎተት መንሸራተቻ ላይ ጭነን በእግር ገባን።

ጋሼ ፊት ናቸው። እጃቸው ላይ ድጅኖ አለ። ሱቅ ውስጥ ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል፤ እኔ ግን ሳየው የአባቴ ድጅኖ ነው። ረጅም ብረት፣ ጫፉ የሰላ፣ ከእጅ አምልጦ እንዳይጠፋ ላዩ ላይ በገመድ የታሰረ። በየጥቂት እርምጃው በረዶውን ይወጉታል። ጥንካሬውን እጃቸው ያነበዋል። ድው ካለ እንሄዳለን። ቦስ ካለ ወይም ውሃ ካፈለቀ በመጣንበት ዱካ እንመለሳለን። እኔ ስሌዱን እየጎተትኩ አሥር እርምጃ ያህል ከኋላ ነኝ። ይህ ርቀት በዋዛ አይደለም፤ እሳቸው ቢሰምጡ እኔ ደረቅ መቅረት አለብኝ። የሚወረወረው ገመድም እኔ ጋ ነው፣ ስሌዱ ላይ ከሁሉም በላይ።

ጫማችን ላይ ጥርስ ያለው ጎማ አጥልቀናል። ነፋሱ ስኖውን ጠርጎት መስታወት የሆነ ቦታ አለ። ያለዚያ ጥርስ አሥር እርምጃ አልሄድም ነበር። ጋሼ እንደሚሉት ከመስመጥ ይልቅ ወድቆ ወገቡን የሚሰበር ይበዛል። በእሳቸው ዕድሜ አምናቸዋለሁ።

መቶ እርምጃ ያህል ገብተን ቀዳዳ በሱ። መለኪያ ሜትሩን ከታች አቆልምመው ሳቡት። 13 ኢንች። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ ቢያንስ 4 ኢንች፣ ለትንሽ መኪና 9 ወይም 10 ይላል። በእኛ ሲሰላ፣ ጓንት ያጠለቀ ጋት ለእግረኛ፣ ጠብሰቅ ያለ ስንዝር ለመኪና። ይህ ግን አዲስ ለሆነና ጥርት ላለ በረዶ ነው። ነጭ ከሆነ እጥፍ ይፈለጋል፤ ስኖው ቀልጦ የቀዘቀዘው አየር ስላለበት ደካማ ነው።

«ይበቃል አይደል? 13 ነው» አልኩ።

«እዚህ ጋ 13 ነው» አሉና ድጅኗቸውን አነሱ።

ትንሽ ሄደን በሐይቁ ላይ እንደ አጥር የተቆለለ በረዶ አየን። ሁለት ሰፋፊ በረዶዎች ተገፋፍተው የተጋጩበት ነው። ያምራል። ፀሐይ ስትነካው ሰማያዊ ይሆናል። ስልኬን አውጥቼ ወደዚያ ልሄድ ስል ጋሼ አስቆሙኝ። ከርቀት በሱ፤ 5 ኢንች። ትንሽ ጠጋ ብለው ሲወጉ ድጅኖው በሁለተኛው ምት አለፈ፤ ውሃ ቡልቅ አለ። ከ13 እዚህ ድረስ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ዱካችንን ይዘን ተመለስን። ፎቶው ቀረ።

ከዚያ ፈተናዬ መጣ። 13ቱ ጋ ስንመለስ ጋሼ ቆሙና፣ «ተኛ» አሉኝ።

«ምን?»

«በሆድህ ተኛ። ወድቀሃል። ውጣ።»

ተኛሁ። እጄን ወደ አንገቴ ላክሁ። ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መቁጠር ጀመሩ። ፒኩ አገጬ ሥር ነው፣ ደረስኩበት። ችግሩ ክዳኑ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ስተነፍስበት ቆይቼ ክዳኑና ብረቱ በበረዶ ተጣብቀዋል። በጓንት ሳብኩት፤ አዳለጠኝ። በጥርሴ ሞከርኩ። ጓንቱን አወለቅሁ። ጋሼ 40 ላይ ደርሰዋል። አንደኛው ክዳን 52 ላይ ተፈናጠረ። ሁለተኛው ጭራሽ እምቢ አለ። በደረቅ እጅ፣ ትንፋሼ ሳይቆራረጥ፣ ማንም ሳያስቸኩለኝ ነው ይሄ ሁሉ።

«ሐሙስ ዕለት ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው ተነስቼ።

«ሐሙስ ብነግርህ ትረሳዋለህ።»

የራሳቸውን አውልቀው አጠለቁልኝ። ባለ ስፕሪንጉ ነው። እንደገና ተኛሁ። ሁለቱን ጨበጥኩና በረዶው ላይ ሰካሁ። ጥርሱ ሲይዝ መዳፌ ድረስ ተሰማኝ። እግሬን እንደ ዋናተኛ እያራገብኩ ሰውነቴን አጋደምኩ፤ ሳብኩ፤ ተንሸራተትኩ። ልነሳ ስል ተቆጡ። ከውሃ የወጣ ሰው አይቆምም። በመጣበት አቅጣጫ ይንከባለላል፤ ያ በኩል ተሸክሞት የመጣ በረዶ ነው። በአርባ ዓመቴ ሚል ላክስ ላይ እንደ አህያ ተንከባለልኩ። አጠገባችን ያለፉ ነጭ ሽማግሌ አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ።

በረዶው በመሐል በመሐል ይጮሃል። ከሥር የሚመጣ ረጅም ግሳት ነው፤ እግር ያርዳል። ብርዱ ሲለዋወጥ በረዶው ይሰፋል፣ ይኮማተራል። መጀመሪያ የጮኸ ጊዜ «በስመ አብ» ብዬ ተቀመጥኩ። ጋሼ ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑን ተከልን። ዓሣውን በአጭሩ ልናገረው፤ ለአንድ ሰው ሁለት የማጥመጃ መስመር ይፈቀዳል፣ እኔ ሁለቱንም አጠላለፍኩ። ጋሼ ሰባት ፐርችና አንድ ዎልአይ አወጡ። እኔ ሦስት ፐርች። ዎልአዩ የተፈቀደው መጠን ውስጥ ስላልገባ ተመለሰ። ቀዳዳው ጋ ጎንበስ ብዬ ሲሄድ አየሁት። ዓይኑ እንደ ድመት ያበራል።

ማታ ነፋስ ተነሳ። የፕሮፔን ማሞቂያዋን ለኮስን። ሙቀቱ ጥሩ ነው፤ ከላይ በኩል ግን ከመተንፈሻዋ መስኮት ቀጭን ብርድ ማጅራቴ ላይ ይገባል። ጋሼ መስመራቸው ላይ አጎንብሰዋል። ቀስ ብዬ የእናቴን ጋቢ ከቦርሳ አወጣሁና መስኮቷ ላይ ጎሰጎስኩት። ተመቸኝ። እንዲያውም እንቅልፍ ወሰድ አደረገኝ።

የነቃሁት በጩኸት ነው። ጋሼ ድንኳኑ ምሰሶ ላይ ያንጠለጠሏት ትንሿ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ናት። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ የድንኳኑን ዚፕ ከላይ እስከ ታች ከፈቱት፤ ማሞቂያዋን አጠፉ፤ ክንዴን ይዘው ወደ ውጭ ሳቡኝ። ብርዱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። ያኔ ነው ራሴን እያመመኝ እንደነበር ያወቅሁት።

እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። «አገር ቤት በከሰል ጭስ ስንት ሰው እንዳለቀ አታውቅም? ቤት ዘግቶ፣ ምድጃ አስገብቶ፣ ተኝቶ የቀረውን?» አውቃለሁ። ባሕር ዳር ሳለን የጎረቤት ልጅ እንዲያ ሆና ለጥቂት ተርፋለች። ግን ከሰል ስታየው ከሰል ነው። ይሄ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፤ ማሞቂያዋም ካርቶኗ ላይ ለድንኳን ውስጥ የሚሆን ይላል። ይሆናል፤ አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ክፍት ሲተው። እኔ የሚወጣበትን በአራት ድርብ ደፈንኩት።

ጋቢው መሬት ወድቆ ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ ገብቷል። ሳወጣው ውሃውን ጠጥቶ የአንድ ልጅ ያህል ይከብዳል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እንደ ጣውላ ደረቀ። ጋሼ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉትና ሳቃቸው መጣ። ዕርቅ ወረደ።

እሑድ፣ መልስ

ጋሪሰን ያለው ግዙፍ የዎልአይ ሐውልት ሥር ፎቶ ተነሣን። መንገዱን ሙሉ ተኛሁ። ቤት ስገባ ዕቃውን መታጠቢያ ቤት ሰቀልኩት። ጋቢው ገንዳው ላይ ተዘርግቶ ይንጠባጠባል። ልጄ የፕላስቲኳን ፊሽካ አግኝቶ ጎረቤት ግድግዳ እስኪመታ ድረስ ነፋት። ቢያንስ እንደምትሠራ ታወቀ። ፐርቹን ባለቤቴ በበርበሬና በዱቄት ጠበሰችው፤ ሦስቱ ለሦስት ሰው ዳቦ ፈለገ።

ሰኞ

ከሥራ መልስ መደብሩ ጋ ጎራ አልኩ። አይስ ፒኩን ከነደረሰኙ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ካሸሯ ጥርሱን አየችና ምን ሆነ አለችኝ። ጥርሱ ደህና ነው፣ ክዳኑ ነው አልኳት። ስድስት ዶላር ጨምሬ ባለ ስፕሪንጉን ወሰድኩ። ልወጣ ስል ተመለስኩና አንድ ሌላ አነሳሁ። ባለቤቴ የሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ ብላለች፤ ጋቢውን ድንኳን ውስጥ ልበስ ያለችው እሷ ስለሆነች ጋሼ ምን እንደሚሏት ለመስማት ጓጉቻለሁ።